የሰብሪያ ደንበኞች ነሲሓ

ሰብሪያ ከማሉዲን ከጅዳ ስትመለስ አገሬው የጠበቀው ሌላ ነበር። ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ወይ ልብስ ቤት ትከፍታለች፣ ወይ ቤት ሠርታ ታከራያለች፣ ወይ አግብታ ትቀመጣለች። እሷ ግን መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራየች፤ አንድ ላፕቶፕና ጥቂት ገመድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና በሩ ላይ «ጌም እንጭናለን» ብላ ለጠፈች።

ጓደኞቿ «በአይሱዙ ነው የምትጭኚው?» እያሉ ሳቁባት። አባቷ ሸህ ከማሉዲን ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ስለሆኑ «የሸሁ ልጅ ከጨዋታ በቀር ሥራ አጣች?» ያለም አልጠፋ።

ሰብሪያ ግን የያዘችውን ታውቀው ነበር። ጅዳ የሠራችበት ቤት ልጆች ጌም በተበላሸባቸው ቁጥር ስሟን ነበር የሚጠሩት። መጀመሪያ ለቅሷቸውን ለማስቆም ብላ ነካካችው፤ ሲውል ሲያድር ግን እየገባትና እየወደደችው መጣች። አገሯ ስትገባ ደግሞ ያየችው ይህን ነው፦ ከባሕር ማዶ የተላከ ስልክ የሌለው ቤት የለም፣ ግን አንዲት ጌም ለማውረድ የሚበቃ ኔትወርክ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ኔትወርኩ በሚረጋበት ማለዳ ትነሳና አዲስ አበባ ካለ አንድ የጌም መደብር የሚፈለገውን ጌም በኢንተርኔት አውርዳ ላፕቶፗ ላይ ታስቀምጣለች። ደንበኛ ሲመጣ በገመድ ወደ ስልኩ ታሻግርለታለች።

በጅምሩ ሰው ጎረፈ። ተማሪው፣ ሹፌሩ፣ ለልጇ የፊደል ጌም የፈለገችው እናት፣ መኪና የሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ ገባ። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው፣ ሰዉ እየሳሳ ሄደ። አንድ ጊዜ ያስጫነ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። መንገድ ላይ ስታገኘው «ጌሙ እንዴት ነው?» ትለዋለች።

«አልሐምዱሊላህ! ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ!» ይላታል፤ ይስቅላታል፣ ቤተሰቧን አንድ በአንድ ይጠይቃታል፣ ይሄዳል። ተመልሶ ግን አይመጣም።

ነገሩ ሲያሳስባት የካርቶን ሣጥን አፉን ቀድዳ «ቅሬታ ካለዎት እዚህ ይክተቱ» ብላ በር ላይ አኖረች። ስትከፍተው የከረሜላ ልጣጭና አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘች። ወረቀቷም ቅሬታ ሳትሆን ምርቃት ናት፤ «አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» ትላለች።

እንዲህ ግራ እንደገባት ሳለች ወግዲ ለቅሶ ደርሳ በሚኒባስ ስትመለስ፣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ጠቅልላ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ከኋላዋ ሁለት ጎልማሶች ሲያወሩ ሰማች።

«ይሄንን ስልክ ሰብሪያ ጋ አታስጭነውም?» አለ አንዱ።

«ተወኝ እባክህ! ልጅቱ ወርቅ ናት፤ ጌሟ ግን ሞቶ ነው የሚመጣ። ኳስ ጨዋታ ብዬ አስጫንኩ፣ አገሬ ገብቼ ብከፍተው ‹ኢንተርኔት አምጣ› አለኝ። እኛ ቀበሌ ኢንተርኔት ከየት ላምጣለት?»

«ታዲያ አትነግራትም?»

«እንዴት ብዬ? ስገባ ከወንበሯ ተነሥታ ነው የምትቀበለኝ። እናቴን በስሟ ነው የምትጠይቀኝ። እንዲህ ያለችን ሰው ‹ሥራሽ አይረባም› ይሏታል?»

«እሱስ ልክ ነህ። እኔንም ጉድ ሠርታኛለች እኮ። ለልጄ የጫነችልኝ የፊደል ጌም መሐል ላይ ማስታወቂያ አመጣና ልብስ የጎደላት ሴት ብቅ አትልም? አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው! ስልኩን የት እንደምጥለው ጠፋኝ። ግን ምን ይባላል፣ አስቀየምኳት እንዳልባል ዝም አልኩ።»

የሰብሪያ ጆሮ ነደደ። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፤ «በፊቴ እየመረቁ ከኋላዬ ያሙኛል» አለች በልቧ። ቀጥሎ እፍረት መጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለአገሬ አዲስ ነገር አመጣሁ ስትል ለካስ የሸጠችው የማይከፈት በር ነው። ሚኒባሷ ዳገት ሥር ደርሳ አቃሰተችና ረዳቱ «ወንዶች ውረዱልን! ሴቶችም የቻላችሁ!» አለ። ሰብሪያ ከሁሉ ቀድማ ወረደች። ሁለቱ ሰዎች አጠገቧ ሲደርሱ ሻሿን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ሰብሪያ ነኝ።»

ኳሱን ያስጫነው ሰው አለምነው ይባላል፣ የወግዲ አናጢ ነው። ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «አውፍ በይን፣ በፈጠረሽ! ለክፋት አይደለም...»

«አውፍ የምላችሁ ከጨረሳችሁልኝ ነው» አለችው። «ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ ማስታወቂያው ያሳፍራል። ሌላስ?»

ሁለቱ ተያዩ። «ከምርሽ ነው?»

«ወላሂ ከምሬ ነው። እስከ ዳገቱ አናት ጊዜ አላችሁ።»

መጀመሪያ እየፈሩ፣ በኋላ እየተሽቀዳደሙ ነገሯት። አንዱ ያነሣውን ሌላው ይቀጥልለታል። አናት ላይ ደርሰው ሚኒባሷ ስትጠብቃቸው እንኳ አለምነው አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ «ደግሞ ድምፁ!» ይል ነበር።

ያን ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለአባቷ ሁሉንም አጫወተቻቸው። «ሣጥን ድረስ አስቀምጬ ‹ቅሬታ ስጡኝ› አልኳቸው እኮ፣ አባ። አንድ ሰው እውነቱን አልነገረኝም።»

ሸህ ከማሉዲን ሳቅ አሉ። «ቅሬታ? ቅሬታ የሚሰጥ ለተጣሉት ሰው ነው፣ ልጄ። ሰዉ ደግሞ ካንቺ ጋር አልተጣላም፤ ይወድሻል። የሚወድሽን ሰው ‹ተቀየመኝ› እያልሽ ብትለምኚው እንዴት ይሆንለታል?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ነሲሓ ጠይቂያቸው። የልብ ምክር። ‹ነሲሓ ስጠኝ› የተባለ ሰው እያወቀ ዝም ካለ ወንጀሉ የራሱ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ያውቃል።»

በማግሥቱ ሰብሪያ ሣጥኑን ጣለችው። በሩ ላይም «ጌም እንጭናለን፤ ነሲሓም እንቀበላለን» ብላ ጻፈች። ከሣጥኑ ቦታ ወንበር አኖረች። ያስጫነ ሁሉ ስልኩን ይዞ እንዲመጣ በየቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተክርስቲያኑ ደጃፍ አስወራች።

መጀመሪያ የመጡት ጡረተኛው መምህር ጋሼ ሙላው ናቸው። ወንበሩን ገልመጥ አድርገው አዩት። «እኛም ነሲሓ ይፈቀድልናል?»

«ምን ገዶት፣ ጋሼ! ይቀመጡ እንጂ።»

ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በነሲሓ ደረጃ ካልሽ፣ ያ የጫንሽልኝ ዳማ ሌባ ነው።»

«ሌባ?»

«ሌባ ነው እንጂ! እኛ አገር ጠጠር ወደ ኋላ ይበላል እንዴ? የሱ ይበላል። እኔ ልበላ ስል ደግሞ አይሆንም ይለኛል። ፊደሉ ጉንዳን ነው፣ አይታየኝም። ላሸንፍ ስል ማስታወቂያ ያመጣል። ጉቦ የበላ ዳኛ እንኳ እንዲህ አያደርግም።» ተናግረው ሲያበቁ ቀለል እንዳላቸው ያስታውቁ ነበር። «ኧረ ይህን ነገር ይዤ ከርሜያለሁ» አሉ።

ከሳቸው በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ሰው ሲገባ «ነሲሓ አለኝ» እያለ ነው። የሳቀችበትም የተናደደችበትም ነበር፤ ልቧን የነካው ግን የእትዬ ኡምኩልሱም ነው። ልጃቸው ኩዌት ናት፤ ስልኩን የላከችላቸው እሷ ነች። ሰብሪያ ለልጅ ልጃቸው ትልቅ የመኪና ጌም ጭናላቸው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እንዳትቀየሚኝ» አሉ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። «ጌሙን ከጫንሽልኝ ወዲህ የልጄ ፎቶ አልገባ አለኝ። ‹ላክኩልሽ› ትለኛለች፣ ምንም የለም። ለልጅ ልጄ መጫወቻ ብዬ የልጄን ፊት አጣሁ።»

ሰብሪያ ስልኩን ከፈተች። ጌሙ ስልኩን ጢም አድርጎ ሞልቶታል፤ ለሌላ ነገር ቦታ የለም። ጅዳ ሳለች እሷም ለእናቷ ፎቶ ትልክ ነበር፤ ሳይደርስ ቢቀር ምን ይሰማት እንደነበር አሰበችና አንገቷን ደፋች። ጌሙን አጠፋች፤ በቦታው ትንሽዬ ጫነች፤ ኢንተርኔቷን አጋራቻቸው። ፎቶዎቹ ያን ጊዜ አንዱ ባንዱ ላይ እየተከታተሉ ይገቡ ጀመር። ልጅቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጅቱ በዒድ ልብስ፣ ልጅቱ መስኮት ሥር። እትዬ ኡምኩልሱም ስልኩን ሳሙት። ቀጥለው የሰብሪያን ግንባር ሳሙ።

ከዚያ ወዲህ የሰብሪያ አሠራር ተለወጠ። ማንኛውንም ጌም ኢንተርኔቱን ዘግታ እስከ መጨረሻው ሳትሞክር ለሰው አትሰጥም። የሚያሳፍር ማስታወቂያ ያለበትን ከላፕቶፗ አባረረች። ከመጫኗ በፊት «ስልኩ የማነው? ማን ይጫወትበታል? ምን እንዲጠፋ አትፈልግም?» ብላ ትጠይቃለች፤ ያልተስማማው ሰው መልሶ ቢያመጣው በሌላ ትለውጥለታለች። ለጋሼ ሙላው ወደ ኋላ የማይበላ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ ዳማ ፈልጋ ፈልጋ አገኘችላቸው። ሰዉም መመለስ ጀመረ፤ ሲመለስም ብቻውን አልመጣም። ከአጅባር ከተማ ሳይቀር «ነሲሓ ያለባት ሱቅ የት ናት?» እያለ የሚመጣ ተገኘ። ሰብሪያ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደጁ ላይ ሰው ቆሞ ስታይ ደረቷ ሙሉ ይሆን ነበር።

አንድ ነሲሓ ግን ከእሷ አቅም በላይ ሆነ። በጣም ትልልቆቹን ጌሞች የአዲስ አበባው መደብር በላፕቶፕ ሳይሆን በቀጥታ በደንበኛው ስልክ ካልሆነ አያወርድም። ሲወርድ ሲወርድ ቆይቶ ኔትወርክ ብልጭ ብሎ ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በወሎዋ ቦረና ደግሞ ኔትወርክ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ብርቅ ነው። ሰው ግማሽ ቀን ተቀምጦ ባዶ ስልኩን ይዞ ይሄዳል።

ሰብሪያ ለመደብሩ ልትነግር ብትሞክር መጠይቁ ኮከብ ስጪ ብቻ ነው የሚላት። ስለዚህ የድርጅቱን የቴሌግራም አድራሻ ፈለገችና ፈቃደኛ የሆነውን ደንበኛ ሁሉ ወንበሩ ላይ እያስቀመጠች በገዛ ድምፁ እንዲናገር አደረገች። ጋሼ ሙላው በመምህር አነጋገራቸው ጉዳዩን ከመሠረቱ አስረዱ። እትዬ ኡምኩልሱም ደግሞ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ አላህ ይባርካችሁ። እናንተ አገር ኔትወርክ አይጠፋም መሰለኝ። እኛ ጋ ይጠፋል። መንገደኛ እንኳ ዝናብ ሲይዘው ይጠለላል፣ ሲያባራ ካቆመበት ይሄዳል እንጂ ቤቱ ተመልሶ አይነሣም። ጌማችሁንም እንዲሁ አድርጉልን።»

ድምፆቹን ላከች። ቀናት አለፉ፣ መልስ የለም። «ማን ይሰማሻል» ያሏት ነበሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ስልኳ ጠራ።

«ብዙአየሁ እባላለሁ፣ ከጌም መደብሩ ነው» አለ ሰውየው። «የላክሽልንን ድምፅ ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ ሰማው። የእናትየውንማ ደጋግመን ነው የሰማነው። ሰብሪያ፣ እኛን ሰው ሁሉ አምስት ኮከብ ነው የሚሰጠን፤ ደንበኛው ግን ይቀንሳል። ለምን እንደሆነ አናውቅም ነበር።»

ሰብሪያ ሳቋ መጣ። «ጨዋ ደንበኛ ነው ያላችሁ።»

«እንዴት ነው ያናገርሻቸው?»

ከአባቷ የሰማችውን ነገረችው። ሰውየውም «እስቲ ጊዜ ስጪን፣ እናስተካክለዋለን» ብሎ ተሰናበታት።

ቃሉን ጠበቀ። መደብሩ ሲታደስ ኮከብ ስጡ የሚለው መጠይቅ ጠፍቶ «ምክርዎን በድምፅዎ ይላኩልን» የሚል መጣ። ዋናው ግን እሱ አልነበረም። የቅዳሜ ገበያ ዕለት ሱቋ ሰው ጢም ብሎባት፣ ከአጅባር የመጣ አንድ ነጋዴ ለልጆቹ ትልቅ ጌም እያወረደ ሳለ፣ ስድሳ ከመቶ ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ እልም አለ። ቤቱ ሁሉ «ወይኔ!» አለ። ነጋዴው ስልኩን አንሥቶ ሊሄድ ሲል ሰብሪያ «አብሽር፣ ቆይ» አለችው። መደብሩ ያስተካከለው ነገር ሲሠራ ግን እሷም ገና አላየችውም ነበር።

ኔትወርኩ ተመለሰ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ስልኩ ላይ ተደፋ። ቁጥሩ ስድሳ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ስድሳ አንድ አለ።

«አልተመለሰም!» ብለው ጮኹ ጋሼ ሙላው። «ወደ ፊት ነው የሄደው!» ጭብጨባ ቀለጠ። እትዬ ኡምኩልሱም እልል አሉ፤ ከውጭ ምን ተገኘ ብሎ የገባም ነበር።

ነጋዴው ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ። «ኧረ ይሄን ያስተካከለው ማነው?»

በእኛ አገር ደንብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ዓይኑን ይሰብርና «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ» ይላል። ሰብሪያም አፏ ላይ መጥቶላት ነበር። ግን ቀና አለች፤ መጀመሪያ ጋሼ ሙላውን፣ ቀጥላ እትዬ ኡምኩልሱምን፣ ቀጥላም በሩ ድረስ የቆመውን ሰው አየች።

«እኛ ነን» አለች። «እኔና እነዚህ።»

ማንም አልሳቀባትም። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ነጋዴውም «ማሻ አላህ፣ ይገባችኋል» ብሎ ስልኩን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ጌሙ ወርዶ እስኪያልቅ ተደላድሎ ተቀመጠ።