የመምህሩ ሠንጠረዥ

የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቁን መክፈት። የደንበኛን ፍላሽ ከቫይረስ መፈተሽ። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂ ማስቀመጥ። አሮጌውን ፋይል ወደ አዲሱ ዓይነት መለወጥ። የተለወጠውን ከወረቀቱ ጋር በማስመሪያ እየተከተሉ ማመሳከር። ደንበኛን መቆጣት።

ከዕለት ሥራዎቿ የመጨረሻው በማንም የታዘዘ አይደለም፤ ሆኖም የሱቁ ጸሐፊ አስታጉላው አታውቅም። ሰፈሩ «ቅጂ» ይላታል፤ ዋናውን ሳትገለብጥ ሥራ ስለማትጀምር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የልጅነት አስተማሪዋ፣ የሰማንያ አንድ ዓመቱ መምህር፣ ፍላሻቸውን በመሐረብ ቋጥረው መጡ። ዘጠኝ ዓመት የጻፉትን የትምህርት ቤታቸውን ታሪክ ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው በአዲሱ የፋይል ዓይነት ብቻ፣ ያውም እስከዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ካለፈ ተራው ለከርሞ ይተላለፋል።

«በእኔ ዕድሜ ከርሞ በዱቤ አይገኝም» አሉ።

ጽሑፉ በደኅና ተለወጠ። ቅጂ ራሷ የተማረችበት ክፍል ውጤት የሰፈረበት ገጽ ላይ ግን ቁጥሮቹ ከባለቤቶቻቸው ሸሹ፤ የክፍሉ እንቅልፋም ዘጠና ስምንት አገኘ፣ ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው ተማሪ በአሥራ ሁለት ወደቀች።

«መምህር፣ ሠንጠረዥ በመሥራት ፈንታ በስሙና በቁጥሩ መካከል ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ በጣትዎ ነው የመቱት?»

«በምን ልምታው ኖሯል? በአርጩሜ? በታይፕ እንዲህ ነበር የምንሠራው።»

«ታይፑ አይደል ጉድ ያደረገን!»

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ከታተመ ያ ሁሉ ሰው ደጄ ይሰለፋል። ተነሽ፣ አስተካክዪው!»

እሳቸው ከወረቀቱ እያነበቡ፣ እሷ ሠንጠረዥ ሠርታ እየሞላች ቀጠሉ። ከእሷ ስም ሲደርሱ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሒሳብ… ስልሳ አንድ።»

ቅጂ ማስመሪያዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «አርባ አንድ ነው የሚለው።»

«ማን ያያል? መነጽሬም አርጅቷል።»

«ዋናው አይነካም፣ መምህር። አርባ አንድ።» ጻፈችው፤ ጆሮዋ ግን እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ፋይሉ ተላከ። ማተሚያ ቤቱም መድረሱን አረጋገጠ። መምህሩ ገጹን ደግመው አዩና ሳቁ።

«ያኔ ‹ክፍል ውስጥ አላወራም› ብለሽ አርባ ጊዜ እንድትጽፊ ቀጥቼሽ በመስኮት አመለጥሽኝ።»

«ይኸው ዛሬ የአርባ ተማሪ መስመር ጻፍኩልዎ። ያውም እያወራሁ!»

መምህሩ መስመሮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። አርባ ሆኑ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።