ዘጠና አራት ላይ የቆመው መስመር

ቴርሞሜትሩን በካልሲ ጠቅልዬ ነው ጅቡቲ ድረስ የወሰድኩት። ለሥራ የሄደች ሴት ሻንጣ ውስጥ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ መልሱ ያለው ባሕር ዳር፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነበር። የኬሚስትሪ ክፍላችን መስኮት ወደ ጣና ያያል፤ ከሰዓት በኋላ የውኃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይወዛወዝ ነበር። ከሐይቁ በባልዲ የቀዳነውን ውኃ ላምባ ምድጃ ላይ ጥደን፣ በየደቂቃው ሙቀቱን እያነበብን ግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ እናደርጋለን። ክፍሉ ላምባ ላምባ ይሸታል። ከእኔ ጋር የተመደበው የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ የሚሰካ። እሱ ያነባል፣ እኔ እስላለሁ።

ነጥቦቹ ሽቅብ ወጥተው ዘጠና አራት ላይ ቀጥ አሉ። ውኃው ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ አይልም። መጽሐፋችን ደግሞ ውኃ መቶ ላይ ይፈላል ይላል። በየጠረጴዛው ላጲስ ተነሣ፤ ሁሉም መስመሩን እየጎተተ መቶ አስገባው። እኔም ላጲሴን ሳነሣ ልጁ ወረቀቱ ላይ እጁን አሳረፈ።

“ተይው። ያየነው ዘጠና አራት ነው።”

“ዜሮ ልታሰጠኝ ነው?”

“አብረን እንወድቃለና!”

መምህራችን ወረቀቶቹን ሰብስበው አዩና ሳቁ። “ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሁላችሁም ምጽዋ ነው እንዴ የምትኖሩት?” አሉ። ውኃ መቶ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ መሆኑን፣ እኛ ግን ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ሳስቶ ቶሎ እንደሚፈላ አስረዱን።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ልጁን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መለመለው። ሊሄድ ሲል ሐይቁ ዳር ተገናኘን። ወደ ሰሜን እንደሚመደቡ ሰምቷል።

“ምጽዋ ከደረስሁ አፍልቼ አየዋለሁ። እጽፍልሻለሁ።”

“ቴርሞሜትር ማን ይሰጥሃል?”

“ከሐኪሙ እለምናለሁ።”

“የሐኪሙ አርባ ሁለት ላይ ያበቃል፣ አንተ!”

ከት ብሎ ሳቀ። እወደው ነበር፤ አልነገርኩትም።

ደብዳቤ አልመጣም። ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች ሲባል ሰማን። እናቱ ቀበሌ ሲመላለሱ ከረሙ፤ ቁርጡን የሚነግራቸው አላገኙም። እኔ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ።

ጅቡቲም እንደ ምጽዋ ባሕር ጠረፍ ናት፤ ወደቡ አጠገብ አንዲት የአገራችን ልጅ ሻይ ትሸጣለች። አስፈቅጄ ቴርሞሜትሩን የሻይ ውኃ የጣደችበት ድስት ውስጥ ነከርኩት። እንደማይቆም እያወቅኩ፣ ሙቀቱ ዘጠና አራት ሲደርስ ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ። አልቆመም። መቶ ገባና ቀጥ አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

“ፈልቷል እኮ እትዬ፤ ላውርደው?” አለችኝ።

“ትንሽ ይቆይ” አልኳት።