ነጭ ፎጣ ላይ የታየው ቢጫ

በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ኮሪደር ላይ አንዲት ወጣት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጥሏታል። የረፋዱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቷ ላይ ልታርፍ ስትል፣ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ኮቱን አውልቆ በሁለት እጁ ዘርግቶ ጋረደላት። ክንዱ ሲዝል ኮቱን ያወርድና ጥቂት አረፍ ብሎ መልሶ ያነሣዋል። ዘመዱን ሊጠይቅ መጥቶ ይህን ያየው፣ አሁን ይህን የሚጽፈው እንግዳ፣ የእናቲቱ አባት መስሎት ነበር። አልነበረም። የልጇን ፎቶ ያጠበ ሰው ነው። ባለኮቱ ሰው የሆነውን ሁሉ እዚያው ቆሞ፣ ኮቱን እንደዘረጋ ለእንግዳው ነገረው።

የሰፈሩ ሰው ዓይናማው ይለዋል። ከሚስቱ ጋር አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለቻቸው፤ እሷ ታነሣለች፣ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ያስተካክላል። ሙያውን ማንም አላስተማረውም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የስንቱን ጥርስ አንጥቷል፣ የስንቱን ብጉር አጥፍቷል! ፊት ሲያይ የጎደለው ነገር ወዲያው ይታየዋል፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው።

ከሦስት ቀን በፊት፣ ሱቁ ገና እንደተከፈተ፣ ያቺ እናት የስድስት ቀን ልጇን ታቅፋ ገባች።

«ምነው የኔ እህት፣ ገና አራስ ሆነሽ ማን ከቤት አወጣሽ?» አለች ሚስቱ።

«ፓስፖርቷ ነዋ! ውጭ አገር ያለው አባቷ ጋ የምንሄድበት ወረቀት ዓርብ ያበቃል። ዛሬ ካልተሰለፍኩ አለቀልኝ።»

ሕፃኗን ነጭ ፎጣ ላይ አስተኝተው አነሷት። ዓይኔን አልገልጥም አለች፤ ሚስትየው ውስጥ እግሯን ነካ ነካ ስታደርጋት ለአፍታ ገለጠችው።

«እንቅልፋም ናት፤ ጡት እንኳ ይዛ ነው የምትተኛው» አለች እናቲቱ እየሣቀች።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የሕፃኗ ፊት ቢጫ ነበር። ዓይናማው ተናደደ እንጂ አልደነገጠም። ሞኒተሩ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ዓመል አውጥቷል፤ ኬብሉ ላላ ሲል ሰማያዊው ቀለም ይጠፋና ያለው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ጎኑን መታ ሲያደርጉት ይመለሳል።

«ዛሬም ጀመረህ?» ብሎ በጥፊ አለው። ቢጫው አልሄደም።

«እሱ ነው ወይስ አንተ ነህ ያረጀኸው?» አለች ሚስቱ።

እናቲቱ በር በሩን ታያለች። ስለዚህ ኬብሉን ለኋላ ትቶ እንደለመደው አደረገ። ሕፃኗን ከፎጣው ለይቶ ቆረጠ፣ ጀርባውን አነጣ፣ ፊቷ ላይ የጤነኛ ልጅ መልክ እስኪመጣ ድረስ ሰማያዊ ጨመረ፣ ትንሽ ቀላ አደረጋት። ታተመ። እናቲቱ «ውይ፣ ስታምር!» ብላ ፎቶውን ሳመችና ወጣች።

ከዚያ ከሞኒተሩ ጋር አንዴ ሊገላገል ተነሣ። ኬብሉን ነቀለው። ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ከቀጠኑት እግሮቹ አንዱ ጎብጧል። በጥፍሩ አቃንቶ መልሶ ሰካና ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ባዶ ገጽ ከፈተ፤ ወተት መሰለ። የትናንቱን ሙሽራ ከፈተ፤ ሸሚዙ ነጭ ነው። «ተመስገን» አለና የሕፃኗን ያልተነካ ፎቶ ከፈተ።

ቢጫ።

እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። ሲመሽ ዓይን እንዳይጎዳ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ማስተካከያ አየ፤ ጠፍቷል። የሞኒተሩን ቀለም ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መለሰው። ያው ቢጫ። ፎቶውን ወደ ሚስቱ ስልክ ላከው፤ እዚያም ቢጫ። ሞኒተሩስ ይዋሽ፣ ስልኩ ከማን ጋር ተማክሮ ይዋሻል? እንግዲህ የቀረው የራሱ ዓይን ነው።

«ነይ እስቲ። ይህ ፎጣ ምን ዓይነት ነው?»

«ምን ዓይነት ይሁን? ነጭ ነዋ። ትናንት በእጄ ያጠብኩት።»

«ልጅቷስ?»

ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ጣቷን በትንሹ በተገለጠው ዓይን ላይ አሳረፈች። ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ የእንቁላል አስኳል መስሏል።

«የኛም እንዲህ ነበረች» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከሃያ ዓመት በፊት ሁለተኛ ልጃቸው ሰማያዊ መብራት ሥር አራት ቀን ተኝታ ነው እግዚአብሔር የመለሰላቸው። ሐኪሙ ያኔ «ቢጫው አንጎል ከነካ መመለሻ የለውም፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወ።

ዓይናማው ያን ያልተጨረሰ ነገር በጆሮው ይዞ ሮጠ። የእናቲቱ ስልክ ቁጥር የለውም፤ የሚያውቀው ፓስፖርት መሥሪያ ቤት መሄዷን ብቻ ነው። መንገዱን ሁሉ ያንገበገበው ግን ፎቶው ነበር። ልጄ ምን ሆነችብኝ ብላ ብትጠራጠር እንኳ፣ ያ ፎቶ ደህና ናት ይላታል። ምልክቱን ያጠፋው እሱ ነው፤ በገዛ እጁ።

ሰልፉ ሕንፃውን ዞሯል። አምስት ሰው ሲቀራት ደረሰባት።

«እህቴ… ልጅቷን ወደ ብርሃን አምጪያት።»

«እንዴ! ደግማችሁ ልታነሷት ነው? የትም አልሄድም!»

«ፎቶውን ተይው። ያሳመርኳት እኔ ነኝ። እንዲህ አይደለችም።»

«የኔን ልጅ ነው እንዲህ አይደለችም የምትለው?» ብላ ጮኸች። ሰልፉ ዞረ። ዘበኛው «አባባ፣ አይረብሹ» አለ።

ዓይናማው ትንፋሹ ተቆራርጦ ማስረዳት አቃተው፤ ያልተነካውን ፎቶ ይዞት ከመጣው የሚስቱ ስልክ አውጥቶ ብቻ ዘረጋ። ከኋላዋ የተሰለፉ አሮጊት ስልኩንና የታተመውን ጎን ለጎን አዩ። ሕፃኗን ገለጥ አድርገው ግንባሯን በጣታቸው ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ። የተጫነው ቦታ ቢጫ ሆኖ ታየ።

«ሂጂ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ተራሽን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ የደሙን ውጤት እንዳየች ልጅቷን በቀጥታ ሰማያዊው መብራት ሥር አስገባቻት። ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው። መብራቱ ሥር ያለ ሁሉ ሰማያዊ ስለሚመስል፣ ቢጫው ይሂድ አይሂድ በክፍሉ መስታወት አሻግረው ቢያዩም አይለይም። ዓይናማው በየቀኑ ይመጣል፤ ይጸልያል፤ ወደ መስታወቱ ግን አይጠጋም።

ታሪኩን እየነገረው እዚህ ላይ ሲደርስ የክፍሉ በር ተከፈተ።

«የሕፃኗ ቤተሰብ!» አለች ነርሷ። «ደም ልንቀዳ ከመብራቱ አውጥተናታል፤ መስኮቱ ጋ ናት። ከበሩ ሆናችሁ ልታዩአት ትችላላችሁ።»

ዓይናማው አልተንቀሳቀሰም። የተኛችውን እናት አየ፤ ሊቀሰቅሳት አፉን ከፈተና ተወው። ከዚያ ሲያዳምጠው ወደነበረው እንግዳ ዞረ።

«ወንድሜ፣ አላውቅዎትም። ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

«ይዘዙኝ።»

«እኔ ማየት የምፈልገውን ነው የማየው። ይህን ያህል ዓመት የሠራሁት እሱን ነው፤ አሁን ብሄድ ዓይኔ ራሱ ያስተካክላታል። እባክዎ እርስዎ ይሂዱና ነርሷ የልጅቷን ዓይን ስትገልጥ ይዩልኝ። ከዚያ ሳያዝኑልኝ፣ ሳያሳምሩ፣ ያዩትን ቀለም ይንገሩኝ።»