ቢያ ሳይሆን ቢዬ

የቀለም እርሳሶቹ ገና በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አለቁ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ለአንደኛ ክፍል ልጆቼ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቀይ አፈር ቆፍሬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ በቲማቲም ጣሳ በጠበጥኩ፤ ውሃው ደረቁን አፈር ሲነካው የወጣው ሽታ ነቀምቴ መሆኔን ለጥቂት ጊዜ አስረሳኝ።

ያደግኩት ጊዳ አያና ነው፣ አባቴና እናቴ ከወሎ መጥተው በሰፈሩበት መንደር። ከጎረቤታችን ከአዮ ድንቄ ቤት የሚለየን አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር፤ እሱም ዶሮዎቹንም እኛንም አያስቆምም። «አዮ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ እኔ ግን ለብዙ ጊዜ የስማቸው ግማሽ ይመስለኝ ነበር።

አዮ ድንቄ ክረምቱ ሲወጣ የቤታቸውን ግድግዳ በጭቃና በእበት ይለስኑና በላዩ ላይ በቀይና በነጭ አፈር ሐረግ ይስሉበታል። ሥራው ሥርዓት ነበረው፤ ላስረዳ። ከጣሪያው ሥር እስከ ወገብ ድረስ ያለው የእሳቸው ነው። ከዚያ በታች ያለው የልጆች ነው፣ ያውም የእያንዳንዱ ልጅ እጅ እስከሚደርስበት ብቻ፤ ስለዚህ የየዓመቱ ቁመታችን ግድግዳው ላይ ይታወቅ ነበር፣ ያላደገም አይደበቅም። የበሩ ዳር ግን ለማንም አይሰጥም፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነዋ። እኔ ከምንም በላይ የምፈልገው ያንን ነበር።

አንድ ቀን ጣሳዬ ሲጎድል፣ ቋንቋ ማወቄን ላሳይ ብዬ በኦሮምኛ አፈር እንዲጨምሩልኝ ጠየቅኳቸው። አፈር «ቢዬ» ነው። እኔ ያልኩት «ቢያ» ነው፤ ቢያ ደግሞ አገር ማለት ነው። አዮ ድንቄ ጭቃ የለበሰ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስኪደክማቸው ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቢያማ የመንግሥት ነው፤ እኔ ያለኝ ቢዬ ነው» አሉኝ፣ እንዲገባኝ በአማርኛ።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሁሉ «አገር የጠየቀችው ልጅ» ይለኝ ጀመር። እናቴ እንኳ እጄን አይታ፣ «አገርሽን ታጥበሽ ግቢ» ትለኝ ነበር። አዮ ድንቄ ቃሉን በትክክል የተናገርኩ ቀን የበሩን ዳር እንደሚሰጡኝ ቃል ገቡልኝ። ውሃ ስቀዳ ለብቻዬ እለማመዳለሁ፣ ይሳካልኛልም፤ ፊታቸው ስቆም ግን ገና አፌን ሳልከፍት ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ቃሉም ይበላሻል። እንዲህ እየሳቅን አደግኩና መምህርነት ለመማር ነቀምቴ ገባሁ።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። የእኛም ቤት ባዶ ሆነ፣ የእሳቸውም፤ የሁለቱ ቤት ሰዎች የሸሹት ግን በተለያየ አቅጣጫ ነው። ግድግዳው ከነጣሪያው መውደቁን አንድ ሹፌር ነገረኝ። አዮ ድንቄን ጉቴ ከተማ አየናቸው የሚሉ ሰዎች ስለነበሩ ሄጄ አፈላለግኩ፤ ሌላ ድንቄ ነበሩ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ በሚኒባስ ተመልሼ የማግስቱን የትምህርት ዕቅድ ጻፍኩ።

አፈሩን የበጠበጥኩት የአሮጌውን መማሪያ ክፍል የጭቃ ግድግዳ እንዲስሉበት ነው። ትምህርቱ መስመርና ቅርጽ ነው፤ ደንቡ ያው የድሮው ነው፣ እያንዳንዱ እጁ እስከሚደርስበት። የበሩን ዳር ለማንም አልሰጠሁም። ልጆቹ ጣታቸውን እየነከሩ ሲስሉ፣ ወላጆቿ ከጉራጌ መጥተው ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱት ሰሚራ ጣሳዋን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ቢያ ጨምሪልኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። የአዮ ድንቄ መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ከመንደራቸው ተፈናቅለው የመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እነሱ አልሳቁም። ቀልዱን ዋጥኩት። እንደማንኛውም ትምህርት አስረዳኋት፤ ቢያ አገር ነው፣ አፈር ቢዬ ነው። ቃሉ ከአፌ ጥርት ብሎ ወጣ። ማንም አልሳቀብኝም፣ የበሩን ዳርም የሚሰጠኝ አልነበረም።

«ቢዬ» አለች ሰሚራ።

ትክክል ነበረች። ጣሳዋን ሞላሁላትና የበሩን ዳር ሰጠኋት።