መረብ ሲቀደድ የሚነገር ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር በነበረችው ቤታችን፣ ተረት የሚነገረው መረብ ሲቀደድ ብቻ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ አባዬ ዝምተኛ ሆኖ ነበር፤ «ብዪ»፣ «ተኚ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። አምባዛ የሚሉት ትልቅ ዓሣ ወይም የሰመጠ ግንድ መረቡን የቀደደው ቀን ግን ኩራዙን አስጠግቶ፣ የመረቡን ዳር እኔን አስይዞ፣ ከጆንያ በመዘዘው ክር እየጠገነ ይተርትልኝ ነበር። ክር ካጣ አሮጌ ሹራብ ይተረትራል፤ የመረቡ ተንሳፋፊ ከጠፋበት ያለቀ ነጠላ ጫማ ቆርጦ ያስርበታል። የተረቱም ርዝመት በቀዳዳው ልክ ነበር። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የተረቱ ጅብ ሰባት ወንዝ ይሻገራል፤ ጠባብ ከሆነ ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ ይሞታል።

ያኔ መረቡ እንዲቀደድ እጸልይ ነበር። መረብ ተቀደደ ማለት ራት ጎደለ ማለት መሆኑን የት አውቄው! አንድ ሰሞን መረቡ ጭራሽ አልቀደድ አለና ሳምንታት በዝምታ አለፉ። ጭጭ ያለው ቤት ሲያስጨንቀኝ ዓሣ የምንበልትበትን ቢላ አንስቼ ክንዴን የሚያህል ቀዳዳ ቀደድኩበት።

ማታ አባዬ ቀዳዳውን ወደ ኩራዙ አቅርቦ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። የጋዙ ጭስ ዓይኔን ይለበልበኝ ነበር፣ ወይም እንባዬ ነበር።

«ልጄ፣ ዓሣ ቢላ የለውም» አለኝ።

ዱላ ስጠብቅ ክሩን አጠንጥኖ ስለ ጅቡ መተረት ጀመረ። ጥገናው በአንድ ማታ አላልቅ ብሎ በማግስቱ ታንኳችን ሳትወጣ ዋለች፤ እኛም ቆሎ ቆርጥመን አደርን። ለምን እንዳልመታኝ ግን ለዓመታት አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ኩዌት ነው። ሪቃይ የሚባል ሰፈር ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓርብ ማዳምና ቤተሰቧ ዓሣ ሊያጠምዱ ወደ ባሕሩ ሲወጡ እኔም ሻይና ምንጣፍ ተሸክሜ ተከተልኩ። ገና ከመጀመራቸው የባሏ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው፣ ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ተሰበረ። ሰውየው እንመለስ ሲል ልጆቹ አለቀሱ። ከፀጉሬ ማስያዣ ሽቦ አውጥቼ ቀለበት አስመስዬ ጠመዘዝኩት፤ ከምንጣፉ ጫፍ በመዘዝኩት ክርም ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት።

«ሻጥራ!» አለች ማዳም፤ ጎበዝ ማለቷ ነው።

ከማን እንደተማርኩት ቢጠይቁኝ የምነግራቸው ስንት ነበረኝ። አልጠየቁኝም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ባሕሩ ዞሩ፤ እኔም ማዶ የሻርቅ ሰፈር ፎቆች መብራታቸውን ሲያበሩ እያየሁ ሻይ ቀዳሁ። ከሰው መሀል ተቀምጦም ሰው ይናፍቃል። ለካ አባዬም ያቺን ቀዳዳ ከእኔ እኩል ሲጠብቃት ኖሯል።

ቤት እንደገባን ደወልኩለት። ዓሣ ማስገሩን ከተወ ቆይቷል፤ ስደውልለትም «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብሎ ይዘጋል። ያን ቀን ግን ቀደምኩት።

«አባዬ፣ ተረት ንገረኝ።»

 ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ጅቡ ገና ሁለተኛው ወንዝ ላይ ሳለ ማዳም ከታች ተጣራች፤ የተያዘው ዓሣ ይጽዳ አለች። ላቋርጠው አንጀቴ አልቻለም። ስልኩን ትራሴ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ፤ ዓሣውን ፍቄ፣ አጥቤ፣ ወለሉን ወልውዬ ስመለስ አባዬ ለባዶ ክፍል አሁንም እየተረተ ነበር።

«እኮ፣ ከዚያስ?» አልኩት፣ እንዳልሄደ ሰው።