መርፌ የማይወደው በሽታ

ትናንት ሰቆጣ ገበያ ቃሪያ ስመርጥ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና «የማጅራት ገትር ክትባት» እያለች አለፈች። እጄ ቃሪያው ላይ ቀረ። ባለጉልቷ «ምነው እትዬ፣ ያቃጥላል ብለሽ ነው?» ብላ ቀለደችብኝ።

ይህ በሽታ ቤታችን የገባ ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። በሁዳዴ፣ ምድሩ ደርቆ አቧራው ጉሮሮ በሚይዝበት ወቅት፣ ታላቅ ወንድሜ ካሳ ከእርከን ሥራ ራሱን ይዞ ገባ። ትኩሳቱ እጅ ያቃጥል ነበር። ያስመልሰዋል፤ ብርሃን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው እንዲህ ሲሆን በእኛ አገር ምች ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፤ በተረፈው ገላውን አሽታ በጋቢ ጠቀለለችውና በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ይቃዥ ጀመር፤ እኔንም አላወቀኝም። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ይዘውት ወደ ሰቆጣ ወረድን። በየመንደሩ ሰው እየወጣ ሸክሙን ይቀበላል። የማን ልጅ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ጤና ረዳቱ መርፌ ሲያዘጋጅ፣ እናቴ አልጋው ፊት ቆመችና በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ተናገረች። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ምች መርፌ አይወድም። ከወጋኸው ይሞትብኛል።» ቃሉ የወጣው ከገዛ አፌ ነው።

«ምች አይደለም፤ ማጅራት ገትር ነው» አለ ጤና ረዳቱ። «ከዘገየን አናተርፈውም።»

እናቴ አልተነቃነቀችም። ይቆጣል ስል መርፌውን አስቀመጠ። «በእጃቸው ራሱን ቀና ያድርጉት፤ አገጩ ደረቱን ይንካ በያቸው።»

እናቴ እጇን ከማጅራቱ ሥር ሰደደች። አንገቱ አልታጠፈም። ትከሻው እንደ ሳንቃ አብሮ ተነሳ፣ ጉልበቱም ተሰበሰበ። ካሳ አቃሰተ። ቀስ ብላ መልሳ አስተኛችውና ከአልጋው ፊት ዘወር አለች።

«ውጋው» አለችው፣ በአማርኛ።

ካሳ ተረፈ። ሲነቃ ግን ብንጠራው አይዞርም፤ ጆሮው ደንቁሮ ነበር። በሽታው እንዲህ እንደሚያደርግ ቢነገረንም፣ እናቴ ዘመኗን ሁሉ «መርፌው ነው» ስትል ኖረች። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ላስረዳት ብዙ ደከምኩ። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«መርፌው እንዳልሆነ አውቃለሁ ልጄ። እሱን ካልወቀስኩ፣ በር ዘግቼ ካሳን ያሳደርኩበትን ሌሊት ልወቅስ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አልተከራከርኳትም።

አሁን እሷ የለችም። ካሳ ግን ሽበት አውጥቶ ልጆቹን ይቆጣል፣ የልጅ ልጆቹ ከንፈራቸውን እያየ ሲያዳምጣቸው ይስቃሉ። ሳየው የማስበው ስለ ሌሊቱ አይደለም። የማስበው፣ መርፌው ይገድለዋል ብላ እያመነች ከአልጋው ፊት ዘወር ያለችውን እናቴን ነው። ስለዚያ ሌሊት ራሷን ስትወቅስ፣ ያቺን ዘወር ያለችውን ሴት አንድ ቀን እንኳ አስታውሳት ታውቅ ይሆን?