እሾህ ያልቆመበት ጉድጓድ

የመገጭን ወንዝ ያወቅሁት ልጅ ሳለሁ፣ ከአያቴ ምድጃ አመድ ላይ ነው። ያኔ፣ ከጠዳ ወጣ ብላ ባለችው ቤታችን፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ አያቴ በእንጨት ጫፍ አመዱን እየጫሩ፣ ከደጋው ገደል አንሥቶ እስከ ጣና ዳር ያለውን ውሃ ሁሉ በኩራዝ ብርሃን ይስሉልኝ ነበር። በተረታቸው ጅረቶቹ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ቁጡ፣ አንዱ አልቃሻ፣ ታች መሻገሪያው ላይ ሲገናኙ ግን ሁሉም ሰው በላ ይሆናሉ። «በራስህ ላይ ያለውን ሰማይ አትመን፤ የደጋውን እይ» ይሉኝ ነበር። አንድ ወግም ነግረውኛል፤ ከመሻገሪያው አሸዋ የቆፈረ ሰው፣ ጉድጓዱን ደለል እስኪደፍነው ድረስ አፉ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ያቆማል። ያላቆመ ከገዳይ ይቆጠራል።

አምና ሴት ልጄ በዚያ መሻገሪያ ሞተች። አምስት ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ስትል አሸዋ የወጣበት ጉድጓድ ዋጣት፤ ድፍርስ ውሃ ሸፍኖት ነበር። እሾህ አልነበረም። የቆፈረው አያ ደምሌ የሚባል፣ ከጎንደር ከተማ እየመጣ አሸዋ የሚጭን ባለማኪና ነው። ወጉን ሲነግሩት «ለውሃ አጥር ልሥራ?» ብሎ ስቆ ነበር። ኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። እርቁን አልቀበልም አልኩ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ እዚያው አገኘሁት። ማኪናውን ወንዙ ውስጥ አቁሞ ብቻውን ይጭናል። በላያችን ፀሐይ ነው፤ ደጋው ግን ጠቁሯል። እሱ ከቆመበት ዳገቱ ስለጋረደው ደጋውን አያይም።

«አንተ ያገሩ ልጅ ነህ፤ ውሃ ይመጣ ይሆን?» አለኝ።

«ሰማዩ ሸጋ ነው፣ አያ ደምሌ።»

«እንግዲያ ቂሙን ተውከው?»

«ጫን እንጂ። ማኪናህ ገና ግማሽ ነው።»

ዳሩ ላይ ተቀመጥሁ። የውሃውን ድምፅ ቀድሜው ሰማሁ፤ አልተናገርሁም። ጎርፉ ደርሶ ማኪናውን ገልብጦ ወሰደው። እሱ የዛፍ ሥር ይዞ፣ ጥፍሩ ተልጦ ወጣ።

«ምነው? እያወቅህ?» አለኝ።

«ለልጄም የነገራት የለም።»

ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረልኝ፣ ውሃ ከየት ተነሥቶ መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ነው። አያቴ ያስተማሩኝ ሰው እንዳሻግርበት ነበር፤ አልረሳሁትም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ግን አልገሠጸችኝም።

«ሞተ?» አለችኝ።

«ወጣ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም መውጣቱ ከፋኝ፤ እስከ ዛሬም እንደከፋኝ ነው።